ያጸዳሁት መዝገብ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠሩኝ። የካንሰር ምርምር ማዕከላትን የሚያስተዳድሩ ወጣቶች ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ እኔን ደግሞ «ሜንተር» አሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማይሰጡኝ ስም የለም። ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ፣ የታሸገ ውሃ ፊቴ አስቀመጡልኝ፣ ልምድዎን ያካፍሉን አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ ተቀምጬ ሳለ ሐያት የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ተነስታ ሥራዋን ግድግዳው ላይ ማሳየት ጀመረች። ማዕከሏ ውስጥ የተመዘገቡትን ታካሚዎች ዝርዝር እንዴት እንዳስተካከለች ነው የምታስረዳው። ሙሉ ስም የሌላቸውን አወጣች። አድራሻቸው የማይገባውን አወጣች። ሁለት ጊዜ የተጻፈ የመሰላትንም አወጣች። «ዳታውን ክሊን አደረግነው» አለች ፈገግ ብላ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልታዘዘኝም። ሳላስበው «የወጡት ሰዎች የት ሄዱ?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ደነገጠች። «የትም አልሄዱም ማዘር፣ ባክአፕ አለን» አለችኝ። ባክአፕ! የእኔ ባክአፕ ሄርማታ ገበያ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ነው የቀረው።

ያኔ ጅማ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። ከፈረንጅ አራዳ ሄርማታ የሚያደርሰን ጋሪ ነበር፤ ፈረሱ አወቱ ድልድይ ላይ ሲደርስ በገዛ ፈቃዱ ይቆማል፣ ባለጋሪው ይራገማል፣ እኛ እንስቃለን። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ አንድ ብር ከሃምሳ ይዞ ጓደኛ የሚጋብዝ ሰው ጌታ ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሄርማታ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን የለበስኩትን ሰማያዊ ፕሊሴ ጉርድ እሱ ነው የሰፋልኝ፤ ሽንሽኑን ሁለት ሌሊት ሲተኩስ አድሮበታል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ሲቆም ከሰቃ፣ ከአሰንዳቦ፣ ከዚያም ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ይፈስሳል፤ በርጩማው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ የከብቱ ጩኸት። ጥጉ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ትዝታ ያንቆረቁርልናል፣ አንዱን ዘፈን እስክንሰለቸው ድረስ እየደጋገመ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባለ መስታወት ባንክ ቆሟል። በዚያ ሳልፍ እግሬ እስካሁን ዝግ ይላል።

ያን ጊዜ ማዕከል የምንላት ከአንድ ሆስፒታል ግቢ ጥግ ያለች ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበረች። ጥናቱ ስለ ጡት ካንሰር ነው፤ የቡና አገር ሴቶች እባጩን ካዩ በኋላ ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ ለማወቅ ነበር የተፈለገው። ሴቲቱ ትመጣለች፣ ናሙና ይወሰድላታል፣ ናሙናው በጠርሙስ ሆኖ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ውጤቱ በስንት ወሩ በፖስታ ይመለሳል። እስከዚያው እሷ ገበያ በመጣች ቁጥር መስኮታችን ላይ ብቅ እያለች ትጠይቃለች። ሐኪሞቻችን ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ሴቲቱን ከናሙናዋ፣ ናሙናዋን ከውጤቷ፣ ውጤቷን ከደጃፏ አገናኝቶ የሚይዘው አስተዳደሩ ነው። አስተዳደሩ ማለት ደግሞ ጋሼ ነዚፍ ነበሩ። ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ የጅማ ሰው፣ ቡናማ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚደረድሩ፤ አማርኛውን በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን በአማርኛ እያዋዙ የሚያወሩ ሰው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቄ ስመጣ ቢሮ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የመዝገብ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ! እኔ፣ ባለ ዲግሪዋ! ንዴቴን ለአባቴ ስነግረው «ቁጭ ብለሽ አይደል የምትሠሪው፣ ምን ጎደለብሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ሜንተር የሚባል ቃል የሰማ ሰው የለም። ጋሼ ነዚፍ አስተምርሻለሁም ብለውኝ አያውቁም። አንድ ነገር ሳበላሽ ሻይ ያዙልኛል፣ ሻዩን እስክጨርስ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፣ ከዚያ «እስቲ ያንን ወረቀት መልሰሽ እዪው» ይላሉ። ሻይ መጣ ማለት ጥፋት አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሆዴ ሻይ ብቻ ሆኖ ነበር።

የማይገባኝ መዝገባቸው ነበር። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በሁለት እጅ የሚነሳ መዝገብ ነው፤ ከፍተው ሲጽፉ ግን የሚጽፉት እንዲህ ነው፦ «ሃዳ ሱልጣን። ከሰቃ ወደ ውስጥ። ባሏ ኮርቻ ሰፊ። ከወፍጮ ቤቱ በላይ።» ሃዳ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ የሱልጣን እናት። በእኛ ገጠር ሴት አግብታ ከወለደች በኋላ በስሟ የሚጠራት የለም፣ በበኩር ልጇ ነው የምትጠራው። በፈቃድ ቅጹ ላይ ከቀበሌ መታወቂያ የተገለበጠ ሙሉ ስሟ አለ፤ ጋሼ ነዚፍ ያንን ፋይል ውስጥ ይተዉትና፣ የፋይሉን ቁጥር ብቻ ከመስመሩ ዳር ጽፈው፣ በመጠሪያዋ ይሠራሉ። መዝገቡ እንዲህ ባሉ ሃዳዎች ተሞልቷል። «ጋሼ፣ ይኼ የምርምር መዝገብ ነው ወይስ የዕድር?» ብያቸው አውቃለሁ፣ አፌ አያርፍም ነበርና። እሳቸውም ሳይቆጡ «ሴትየዋ መስኮቱ ላይ ስትመጣ ራሷን ምን ብላ ትጠራለች? እሱን ጻፊ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በሆዴ ግን እኚህ ሰው ጊዜ አልፎባቸዋል ብዬ ነበር። እንደዚያ ማሰቤን ዛሬም ስናገረው ፊቴ ይቀላል።

ከመስቀል በኋላ ጋሼ ነዚፍ ለሐጅ ተነሱ። ያጠራቀሙትን የዓመት ፈቃድ ደራርበው ሦስት ወር ግድም ሊቆዩ ነው። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ «መዝገቡን ጠብቂ» ብለውኝ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ጥናቱን የሚረዱ እንግዶች ሊጎበኙን እንደሚመጡ ተነገረን፤ የመጀመሪያዋ ኮምፒውተርም ገና ከካርቶኗ መውጣቷ ነበር። ይኼን ጊዜ ነው ጉዴ የጀመረው። ሴቶቹን ከፈቃድ ቅጻቸው ላይ በመታወቂያ ስማቸው፣ በፊደል ተራ፣ ከነዕድሜያቸው ከነወረዳቸው አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። ሃዳ የሚለውን ሁሉ አወጣሁ። ኮርቻ ሰፊውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም አወጣሁ። የታተመው ወረቀት ሲያምር! መስኮቱ ላይ «ሙሉ ስሙን የማይናገር አይስተናገድም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ጥቁሩን መዝገብ ንብረት ክፍል ከሚወገዱ ወረቀቶች ጋር ወሰደው፣ እነሱም ለሄርማታ ነጋዴ በኪሎ ሸጡት። እንግዶቹ መጡ፣ ዝርዝሬን አገላብጠው አዩ፣ እጄን ጨበጡኝ። በዚያን ቀን አዲስ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምቼ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ስራመድ መሬቱ የእኔ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ነዚፍ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ውጤት መጣ። ራህማ አባ ገሮ፣ ወረዳ ሰቃ ጨቆርሳ፤ ካንሰር አለባት። ደንቡን ጠብቄ ለወረዳው ደብዳቤ ጻፍኩ። ወረዳው «በዚህ ስም የምትታወቅ ነዋሪ የለችም» ብሎ መለሰ። እኔም ወረቀቱን «ያልተገኙ» የሚል አቃፊ ውስጥ ከተትኩት። በቃ። የሚቆረቁረኝ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ተሠርቷል። ይኼን በሥልጠናው የሻይ ሰዓት ሐያትን ጥግ ይዤ ስነግራት «አሁን እኮ የሁሉም ስልክ ቁጥር አለን ማዘር» አለችኝ። «ስልኩ የማን ነው?» አልኳት። ላፕቶፗን ከፈተችና ዓይኗን ዝቅ አደረገች። የወንድም፣ የጎረቤት፣ የባለሱቅ፤ ግማሹ ደግሞ የማይሠራ። የለበሰችው ጃኬት ከእኔ ፕሊሴ ይበልጣል እንጂ ያው የያኔዋ እኔ ናት።

ጋሼ ነዚፍ በታኅሣሥ ተመለሱ፤ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ለሁላችን ቴምርና የዘምዘም ውሃ ይዘው። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሐጂ እየተባሉ ሲስቁ ሲጨብጡ ቆዩና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አቃፊዎቹን አንድ በአንድ ገለጡ። «ይቺ ማናት?» አሉኝ።

«ያልተገኘች ናት ጋሼ።»

«ውጤቱ መቼ መጣ?»

«ሦስት... ሦስት ወር ሊሞላው ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መዝገቤን አምጪልኝ።»

ነገርኳቸው። እንዳጸዳሁት፣ ንብረት ክፍል እንደወሰደው፣ ሄርማታ እንደሄደ። እየተናገርኩ ድምፄ እያነሰ እያነሰ ሄደ። «ሱብሃነላህ» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሻይ አላዘዙም። አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚያክምልን ቀዶ ሐኪም በከተማው ያለው እስከ ዓርብ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ያቺ ሴት እስከ ዓርብ ጠዋት ካልተገኘች እባጩ እየሰፋ ሌላ ስንት ወር ትጠብቃለች? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እኔ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እንጀራዬ ነው። ልባረር ነው ብዬ ፈራሁ። የሴቲቱ ነገር ሰውነቴ ውስጥ የገባው ጋሼ ነዚፍ ከወንበራቸው እየተነሱ «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ጠብቂኝ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ» ሲሉኝ ነው።

ረቡዕ ሰቃ ሄድን። አሮጌዋን ላንድክሩዘር የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ለቀማው ደርሶ ነበርና አገሩ ሁሉ ቡና ውስጥ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ዝግ፣ ደጃፉ ላይ ዶሮና የቡና ማድረቂያ አልጋ ብቻ። ቀዩ ፍሬ የተዘረጋበት ሽታ፣ ጣፍጦ ኮምጠጥ የሚለው፣ ያን ቀን አብሮን ዋለ። በየደረስንበት «ራህማ አባ ገሮን ታውቃላችሁ?» እንላለን። «ህንቤክኑ» ይሉናል፣ አናውቅም። በወፍጮ ቤቱ ተራ የያዙትን ሴቶች ጠየቅን፣ ህንቤክኑ። መስጊዱ ደጅ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ጠየቅን። አንደኛው ብቻ «አባ ገሮ የሚባል ሰው አሰንዳቦ አውቃለሁ፣ እህል ነጋዴ። እዚህ ግን የለም» አሉን። ፀሐይዋ እየዞረች ነው። ትዕግሥቴ አለቀና መኪና ውስጥ ገብተን «ጋሼ፣ ጡቷን የታመመች ሴት ብንል እኮ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናገኛታለን» አልኩ።

መሪውን ጨብጠው ወደ ፊት እያዩ «እናገኛታለን» አሉ። «አገሩም አብሮን ያገኛታል። ከዚያ በኋላ የእሷን ሴት ልጅ ማን ያገባል? ልታሳክሚያት መጥተሽ መንደሯን ልትነጥቂያት ነው?»

«ታዲያ ብትሞትስ?» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ላይ! ዓርብ እንዳይደርስ የምለምነው እኔ፣ ጥፋቱ የእኔ፣ የምጮኸው ደግሞ እሳቸው ላይ።

«ለእሱ ነው እኮ የምንፈልጋት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። ባዶ እጃችንን ጅማ ገባን።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ መጡ። እሳቸውም እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። «ጽጌ፣ ተሳስተናል» አሉኝ ገና ሳልሳፈር። «ይኼ ስም የልጅነት ስሟ ነው። ራህማ ብሎ የሚጠራት የተወለደችበት ቤት ነው፤ እኛ የፈለግናት ባገባችበት አገር ነው። ባል ቤት ይኼን ስም ማን ያውቀዋል? አሰንዳቦ እንሂድ፣ አባቷ ደጅ።» ያኛው አባ ገሮ የእሷ አባት ካልሆነስ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሌላ ምን ነበረን? አሰንዳቦ ስንደርስ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ቆመው ተሳፋሪው ቁርስ ይበላል። የአባ ገሮን ሱቅ ለማግኘት አልተቸገርንም። አባ ገሮ ሞተዋል፤ ልጃቸው በቆሎ እየሰፈረ ነበር። «ራህማ?» አለ ጣሳውን እንደያዘ። «ራህማ እህቴ ናት። ምን ሆነች?» እኔ የእህል ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ ነዚፍ ትከሻውን ያዙት። «ኢንሻአላህ ደኅና ናት። እኛ የመዝገብ ስህተት ሠርተናል፣ እሱን ልናቃና ነው የምንፈልጋት፤ ትናንት ሰቃ ዞረን አጣናት» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ አንዲት ቃል አልዋሹም። ሰውየው ቀለል አለውና ሳቀብን፦ «ወላሂ እዚያ ራህማ ብላችሁ እስከ ክረምት ብትጠይቁ አታገኟትም! ሃዳ ሱልጣን በሉ። ባሏ ኮርቻ ሰፊ ነው። ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ ከፍ እንዳላችሁ።» ኮርቻ ሰፊ። ወፍጮ ቤቱ። በጋሼ ነዚፍ እጅ የተጻፈችው መስመር ከነቀለሟ ፊቴ መጣች። እኔ ነኝ ያወጣኋት፣ አሳምሬ። ትናንት እዚያው ወፍጮ ቤት ደጅ ቆመን ነበር። ጋሼ ነዚፍ አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አይተው «ነይ ተነሺ» ብቻ አሉኝ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቡና የጫነ ትልቅ መኪና ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶታል። ሁለት ሰዓት ቆምን። ሁለት ሰዓት! አቤት ያን ቀን ፀሐይዋ እንዴት እንደምትሮጥ! ወርጄ ሾፌሩ ላይ ጮህኩ፣ ረዳቱ ላይ ጮህኩ፣ ጎማው ላይ ጮህኩ። ጋሼ ነዚፍ ሶላታቸውን መንገድ ዳር ሰገዱና ከሚገፉት ሰዎች ጋር ኮታቸውን አውልቀው ገፉ፤ ኮታቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጅማ አልፈን፣ ሰቃን አልፈን፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈን ከፍ ስንል አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ኮርቻ የተሰቀለበት ደጅ ላይ አንዲት ሴት አረንጓዴ ሻሽ አስራ ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና በእጇ ታገላብጣለች። ጋሼ ነዚፍ ሰላምታ ሰጥተው ሃዳ ሱልጣን እሷ መሆኗን ገና ሲጠይቋት እኔን ከኋላቸው አየችኝ። እጇን አራገፈችና ወደ እኔ ሮጠች።

«ያቺ ልጅ! ያበሰረችኝ ልጅ!» ብላ አንገቴን አቅፋ ትስመኝ ጀመር፤ በዚህ ጉንጬ፣ በዚያ ጉንጬ፣ ግንባሬን። ምንም አልገባኝም። ወደ ጋሼ ነዚፍ ዞራ፣ እጄን ሳትለቅ፣ «ሐጂ፣ ይቺን ልጅ አላህ ይባርካት!» አለቻቸው። «ከሁለት ወር በፊት ውጤቴን ልጠይቅ መጣሁ። እንዴት እንደፈራሁ! መስኮቱ ላይ ይቺ ነበረች። ሃዳ ሱልጣን ነኝ አልኳት። ወረቀቱን ሁሉ አየችልኝና የለሽበትም አለችኝ። አልሐምዱሊላህ! ከበሽተኞቹ ውስጥ የለሁበትም! እየሳቅሁ ነው አገሬ የገባሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ በግ አርደን ሰደቃ አወጣን።»

እግዚኦ። የመስኮቱ ጸሐፊ የቀረበት ቀን ነበር፤ ተክቼው ተቀመጥኩ። አረንጓዴ ሻሽ ትዝ አለኝ። ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳላይ «የለሽበትም፣ ቀጣይ!» ማለቴ ትዝ አለኝ። ስትስቅ መስማቴም ትዝ አለኝ፤ ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኋትም። እጄን እንደያዘችኝ ነው። ጋሼ ነዚፍን በዓይኔ ለመንኳቸው፣ እርስዎ ይንገሯት፣ ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ያክብርዎታል፣ እርስዎ ይችሉበታል። እሳቸው ኮርቻ ሰፊው ባሏ ወደሚሠራበት ዛፍ ጥላ እያዘገሙ «ጽጌ፣ ንገሪያት» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ስብሰባ መርቻለሁ፣ ሚኒስትር ፊት ቆሜ አውቃለሁ። እንደዚያ ቀን አፌ የከበደኝ ጊዜ የለም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በሰባራ ኦሮምኛዬ ነገርኳት። በሽታው እንዳለባት። ውጤቱ ያኔውኑ መጥቶ እንደነበር። ስሟን ከመዝገቡ ያወጣሁት እኔ መሆኔን። ነገ ሐኪሙ እንዳለና ከነገ ወዲያ እንደማይኖር።

እጄን ለቀቀችው። ወደ አልጋው ተመልሳ ቡናውን ማገላበጥ ጀመረች፤ ቀዩን በአንድ በኩል፣ የጠቆረውን በሌላ በኩል። ከዚያ ሳትዞር «በጉስ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ልጅ እንደሚያለቅሰው፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ። እሷ አላለቀሰችም። ዞራ አየችኝና «አንቺ ነሽ ያወጣሽኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«በይ እንግዲህ አስገቢኝ» አለችና ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። «ቡናውን ለአማቴ ልንገራት። ካልተገላበጠ ይሻግታል።»

ዓርብ ጠዋት ከቀዶ ክፍሉ በር ላይ አብሬያት ቆምኩ። በየበሩ ስሟን ሲጠይቋት ወደ እኔ ታያለች፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ስሞቿን እናገራለሁ። ሐኪሙ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጣ፤ እባጩን አወጣሁት፣ በብብቷ በኩል ግን ተሰራጭቷል አለ። ከዚያ የጥናቱን ቅጽ ለመሙላት ተቀመጥን። በጥናታችን ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሴት የዘገየችበት ምክንያት ይመዘገባል፤ ፍርሃት፣ የገንዘብ ችግር፣ ባህላዊ ሕክምና፣ ቸልተኝነት ተብሎ ተደርድሯል፣ ምልክት ማድረግ ነው። የቅጹ ነርስ ገና ሳትጠይቀኝ እስክሪብቶዋ ቸልተኝነት ላይ ደርሷል። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩት። ከታች ባለው ባዶ ቦታ «ታካሚዋ በሰዓቱ መጥታ ጠይቃለች። አስተዳደሩ ስሟን ሰርዞ መልሷታል» ብዬ ጻፍኩና ስሜን ከነአባቴ አስቀመጥኩ። ሥራዬ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ነዚፍ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከሥሩ «እኔም ኃላፊ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ያኔ ሻይ አዘዙ።

ሰኞ ዕለት አዲስ ጥቁር መዝገብ ገዝተን ጀመርን፤ ያወጣኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ለማግኘት እስከ ክረምት ድረስ አገር ለአገር ዞርን። ሃዳ ሱልጣን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ቡና ለቀመች። ለክትትል በመጣች ቁጥር መስኮቱን አልፋ ቀጥታ እኔ ቢሮ ትገባለች፤ «ያበሰረችኝ ልጅ አለች?» ትላለች እየሳቀች፣ እንዳሽሟጠጠችብኝ ይሁን እንደማረችኝ አላውቅም። በስድስተኛው ዓመት ሱልጣን ራሱ መጣና አንድ ማሰሮ ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ እናቴ አድርስላት ብላኝ ነው፣ ከሞተች ሳምንቷ ነው አለኝ። የዚያኑ ዓመት ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ያኔ በሰዓቱ ብንነግራት ኖሮ ወደ ብብቷ ሳይሄድ ይደረስበት ነበር ወይ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ከእሱ በኋላ ሌሎች ሐኪሞችን ጠይቄያለሁ፣ ውጭ አገር የተማሩትን ጭምር፤ ያ ሦስት ወር ምን ያደርግላት እንደነበር የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።